15 ልጅ፣ አንድ ልምምድ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የውሃ ዋና ውድድር አቁመሽ ረዳት አሰልጣኝ ሆነሻል። ከ8 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 15 ልጆች ይዘሽ ሁሉንም አንድ ዓይነት ልምምድ ታሠሪያለሽ። ትንንሾቹ ያለቅሳሉ፣ ትልልቆቹ ይሰለቻሉ። «ሙያው የኔ አይደለም ማለት ነው?» ብለሻል።

ኧረ በፍጹም! የከበደሽ አመዳደቡ ነው።

አንድ ቀን የሰዓት መቁጠሪያሽን አስቀምጪና ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁሚ። ግድግዳውን ገፍተው ሲነሱ እዪ። አንዱ ጭንቅላቱን በክንዶቹ መሃል ቀብሮ እንደ ቀስት ይወረወራል። ሌላው ቀና ይላል፤ ወዲያው እግሩ ይሰምጣል። ከዚያ 25 ሜትሩን በስንት ቀዘፋ እንደሚጨርሱ ቁጠሪ። ረጅም ልጅ ቀዘፋው ስለሚያንስ ቁመታቸውንም አብረሽ ጻፊ። ልጆቹን በገንዳው መስመሮች የምታከፋፍዪው በዚህ ነው።

ለጀማሪዎቹ ርቀት አታብዢ። ትንፋሽን ውሃ ውስጥ ማስወጣት፣ መንሳፈፍ፣ እግር መምታት፤ አጭር አጭር፣ እንደ ጨዋታ። ደክሟቸው ቀዘፋው ከተበላሸ አቁሚ፤ አለዚያ ስህተቱን ነው የምታስለምጃቸው።

አደራ የምልሽ ግን ጎረምሶቹንና ኮረዶቹን ነው። ብዙ ጊዜ ሴቶቹ በ12፣ ወንዶቹ በ14 ዓመት አካባቢ ቁመታቸው በአንዴ ይመዘዛል። ክንዱ ረዝሟል፣ ጡንቻው ገና ነው። የለመደው ቀዘፋ ይጠፋበታል፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጁ ችሎታዬ አለቀ ይላል፣ ወላጁ ሰነፈ ይላል። ያኔ ርቀት ከጨመርሽበት ትከሻውን ይጎዳል። ወደ ቴክኒክ መልሺው፣ ምክንያቱንም ለሁለቱም አስረጂ። ብዙ ልጅ ዋና የሚተወው በዚህ ዕድሜ ነው፤ እኔን ያሳዝነኛል።

ለሚቸኩል ወላጅ ይህን ንገሪው። አሜሪካዊቷ ዋናተኛ ኬቲ ሌዴኪ በ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ በ800 ሜትር ወርቅ ስታገኝ 15 ዓመቷ ነበር። የአገሯ ልጅ አንቶኒ ኧርቪን በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ 50 ሜትሩን ሲያሸንፍ ግን 35 ሞልቶት ነበር።

ወደ ሥራው እንምጣ። የነፍስ አድንና የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ሳትወስጂ ብቻሽን ልጆች አትረከቢ። ቀጥለሽ የመጀመሪያውን ደረጃ የአሰልጣኝነት ሰርተፍኬት ያዢ። ወጣት አሰልጣኝ ሁሉ ፈጣኖቹን ይመኛል። እኔ ቀጣሪ ብሆን የምመርጠው፣ የሚፈራን የ8 ዓመት ልጅ አባብላ ፊቱን ውሃ ውስጥ ያስነከረችውን ነው። ጀማሪዎቹን አንድ ዓመት ያዢ። የቆጠርሽውን በደብተር መዝግቢ፤ ለሥራ ስታመለክቺ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ለጊዜው ኃላፊሽን «15ቱን በሦስት መስመር ልክፈላቸው?» ብለሽ ጠይቂው።