ስቶንፍላይ የሚባለውን የወንዝ ነፍሳት የሚመስል ተንሳፋፊ የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ አሠራር፦ ጥያቄና መልስ

ጥ፦ ጀማሪ ነኝ። ሜይፍላይ የሚባለውን ሌላ የወንዝ ነፍሳት የሚመስል ዝንብ መሥራት ተምሬያለሁ። ስቶንፍላይ ምኑ ላይ ነው የሚለየው? መንጠቆውስ ስንት ቁጥር ይሁን?

መ፦ ሜይፍላይ ባብዛኛው ውሃው ላይ ነው የሚፈለፈለው። የስቶንፍላይ ኒምፍ (ገና ክንፍ ያላወጣው፣ ውሃ ውስጥ የሚኖረው) ግን ወደ ዳር ተስቦ ይወጣና ድንጋይ ወይም ቅጠል ላይ ቆዳውን ይገፋል። ስለዚህ የምናጠምደው ዓሣ፣ ትራውት፣ ክንፍ ያወጣውን የሚያገኘው ከቅርንጫፍ ሲወድቅ ወይም ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስታርፍ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሆዱ ውሃውን ነክቶ ነው የሚሄደው። ከፍ ብሎ በላባ ጫፍ የሚቆም ዝንብ አትሥራ። የመንጠቆ ቁጥር ሲያንስ መንጠቆው ይተልቃል፤ ከስቶንፍላይ ዓይነቶች ለትልቁ ሳልሞንፍላይ ከቁጥር 4 እስከ 6፣ ለመካከለኛው ጎልደን ስቶን ከ6 እስከ 10፣ ለትንሹ የሎ ሳሊ 14 እና 16 ያዝ። ግንዱ ረዘም ያለ መንጠቆ ይሁን።

ጥ፦ ስቲሙሌተር (ክንፉ ከፀጉር የሚሠራ የስቶንፍላይ ዝንብ) ስሠራ የኤልክ (የትልቅ አጋዘን) ፀጉሩ ክንፍ ዞሮ ወደ ጎን ይሄድብኛል። ክር ባጠበቅሁ ቁጥር ይብሳል።

መ፦ ችግሩ ከማጥበቅህ በፊት ይጀምራል። ፀጉሩን ስትቆርጥ ስሩ ላይ ያለውን ለስላሳ ሱፍ በማበጠሪያ ሙልጭ አድርገህ አውጣው። ሱፉ ከቀረ ክሩ የሚጨብጠው እሱን ነው፤ ጫፎቹም ማስተካከያው ቱቦ ውስጥ እኩል አይወርዱም። ለቁጥር 8 መንጠቆ፣ በጣት ሲጨመቅ የሁለት ክብሪት እንጨት ውፍረት ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ዝንቡን በጎኑ ከመጣል ሌላ ጥቅም የለውም።

ሁለተኛ፣ ሰውነቱን እስከ መንጠቆው ቀዳዳ ድረስ አትጠምጥም። የግንዱን የፊት ሲሶ ተውና እዚያ ላይ ክር አልብስ፤ ፀጉር ባዶ ብረት ላይም ለስላሳ ሱፍ ላይም አይቆምም። አሁን ፀጉሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨብጠህ ከግንዱ በላይ አስቀምጥ። ጫፉ ከጅራቱ ጫፍ አይለፍ። ሁለት ዙር ላላ አድርገህ አሳልፍ፣ ሦስተኛውን ቀጥ አድርገህ ወደ ታች ሳብ፣ ከዚያ ሁለት ጠበቅ ያሉ ዙሮች ጨምር። እስከዚያ ድረስ ጣትህ አይነሳ። አብዛኛው ሰው ክሩ መጥበቅ ሲጀምር ይለቃል፣ ፀጉሩም ክሩን ተከትሎ ይዞራል። በመጨረሻ ክሩን በተቆረጠው የፀጉር ስር መሃል ሁለት ጊዜ አሳልፈህ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርግበት።

ጥ፦ ሰውነቱ ላይ የጠመጠምኩት የዶሮ ላባ አንድ ዓሣ ከያዘ በኋላ ይፈታል።

መ፦ የትራውት ጥርስ የላባውን አከርካሪ ይቆርጠዋል። መከላከያው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦውን ጅራቱ ጋ እሰር፣ ላባውን ከፊት ወደ ኋላ ጠምጥመው፣ ከዚያ ሽቦውን በተቃራኒ አቅጣጫ እያዞርክ ወደ ፊት አምጣው። ሽቦው የላባውን አከርካሪ በየዙሩ እያቋረጠ ያስረዋል። በተመሳሳይ አቅጣጫ ካዞርከው ግን ላባው ጎን ይተኛል እንጂ አይይዘውም። ሲያልቅ ከሆዱ ሥር ያለውን ላባ በመቀስ እኩል ከርክመው፤ ዝንቡ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው ያኔ ነው።

ጥ፦ ሰውነቱ ከፎም (ከተንሳፋፊ ስፖንጅ) የሚሠራውስ? ክሩ ይቆርጠዋል፣ ካልቆረጠውም ይሽከረከራል።

መ፦ ባለ 2 ሚሊሜትር ፎም ተጠቀሚ፣ ክሩም 140 ዲኒየር (የክር ውፍረት መለኪያ) ይሁን፤ ቀጭን ክር እንደ ምላጭ ነው። መጀመሪያ ግንዱን ክር አልብሺውና ሱፐር ግሉ ቀቢው፣ ከዚያ ፎሙን አስቀምጠሽ እሰሪ። ስፋቱ ከመንጠቆው አፍ አይብለጥ፤ አፉን ከሸፈነው ዓሣው ይነክሳል ግን አይያዝም።

ጥ፦ ሲያትል ነው የምኖረው። መጋቢት ላይ ያኪማ ወንዝ ምን ይዤ ልሂድ?

መ፦ ስኳላ የሚባለውን ስቶንፍላይ የሚመስለውን። ቁጥር 8 እና 10፣ ሆዱ ወደ ቡኒ የሚያደላ የወይራ ቀለም። ብርቱካናማውን ሳልሞንፍላይ ለግንቦትና ለሰኔ፣ ለኦሪገኑ ዴሹትስ ወንዝ አቆየው።

ጥ፦ ትልቁን ስወረውር የናይለኑ ጫፍ ይጠማዘዛል።

መ፦ ሁለት ምክንያት አለው፦ ክንፉ በአንድ ጎን በዝቷል፣ ወይም ናይለኑ ለዝንቡ ቀጥኗል። ለቁጥር 6 ባለ 5 ኤክስ አይሆንም (የኤክሱ ቁጥር ሲጨምር ናይለኑ ይቀጥናል)፤ 3 ኤክስ እሰርበት።

ጥ፦ ጋሼ፣ ባሌ ስሄድ እነዚህን ልያዝ?

መ፦ የዌብና የዳንካ ወንዞች ትራውት ከኬንያ የመጣ ነው፤ ሳልሞንፍላይ ግን አፍሪካ ውስጥ የለም። ቁጥር 4ቱን ቤት ተወው፣ ከ12 እስከ 16 ያሉትን ያዝ። ወንዙ ዳር ድንጋይ ገልብጠህ ኒምፎቹን እይ፦ ሁለት ጅራትና በየእግሩ ሁለት ጥፍር ያለው ስቶንፍላይ ነው። ሦስት ጅራት ያላቸው ብቻ ከሆኑ ሜይፍላይ እሰር።