ከሕግና ከባንክ ወደ ከተማ ትራንስፖርት መሪነት መሻገር ይቻላል?

ይቻላል፤ የኢንጂነሪንግ ዲግሪም አያስፈልግህም። «ሕግ ተምሬ ባንክ ሠርቻለሁ፤ ባቡር ሳላውቅ በየት በኩል ልግባ?» ላልከው፣ መግቢያህ የፋይናንስ፣ የግዥ ወይም የውል ክፍል ይሁን።

ሪቻርድ ራቪችን ተመልከት። ዬል ሕግ ተምሮ፣ በቤቶች ግንባታ ቆይቶ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክን የምድር ባቡርና አውቶቡስ የሚያስተዳድረው የኤምቲኤ ሊቀ መንበር ሆነ፤ ባንክ የመራው ከዚያ በኋላ ነው። የተረከበው ለዓመታት ጥገና የተነፈገውን የምድር ባቡር ነበር። ዋና ሥራው የገንዘቡን ቋጠሮ መፍታት ሆነ፦ በ1981 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕግ አውጥቶ ድርጅቱ የቲኬት ገቢውን አስይዞ ቦንድ (የብድር ሰነድ) እንዲሸጥ አደረገ። በ1982 የአምስት ዓመት የካፒታል ዕቅድ ተጀመረ፤ ከባቡር አምራቾቹ ከካዋሳኪ 325፣ ከቦምባርዲየር 825 ፉርጎዎች ታዘዙ። ይሄ የገንዘብና የውል ሥራ እንግዲህ ያንተው ሙያ ነው።

ከማመልከትህ በፊት፦

1. የድርጅቱን የቦንድ ሰነድ አንብብ። ዕዳው በየትኛው ገቢ እንደተያዘና ከደመወዝና ከነዳጅ ቀድሞ ይከፈል እንደሆነ ለይ።
2. ሲቪህ ላይ «ብድር ክፍል ሠርቻለሁ» ብለህ አትለፍ፤ ያረቀቅኸውን ውል ዓይነትና የገንዘቡን መጠን ጻፍ።
3. የሠራተኛ ማኅበሩን የኅብረት ስምምነት እወቅ። ራቪች ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 1980 እ.ኤ.አ.፣ የ11 ቀን አድማ ገጥሞታል።

አደራ፣ ከባንክ የመጣ ሰው የሚሳሳተው ጥገና ላይ ነው። የጥገና በጀት ሲቆረጥ ሂሳቡ ለአንድ ዓመት ያምራል፤ ከዚያ በር አልዘጋ ይላል፣ ሞተር ይቃጠላል፣ ተሳፋሪው ይሸሻል፣ ቦንዱ የተያዘበት ገቢም አብሮ ይወርዳል።