ቤት ለመሥራት ለምታስቡ፦ ስለ ቁጠባና ብድር ማኅበር

ይድረስ ለወጣት የሥራ ባልደረቦቼ፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሒሳብ ሙያ ስሠራ፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል በመሥሪያ ቤታችን የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የብድር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ብዙዎቻችሁ «ማኅበሩ ለቤት ያበድረኛል ወይ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ የማውቀውን እጽፍላችኋለሁ።

ማኅበሩ የሚያበድረው አባላቱ ከየወር ደመወዛቸው ያስቆረጡትን ገንዘብ ነው። አንድ አባል የቱንም ያህል ዕጣ ቢገዛ ድምፁ አንድ ብቻ ነው (ዕጣ ስል በማኅበሩ ውስጥ ያላችሁን ድርሻ እንጂ የኮንዶሚኒየሙን ማለቴ አይደለም፤ እርሱን በዕድል፣ ይኼኛውን በገንዘባችሁ ነው የምታገኙት)። በአገራችን ይህን ዓይነት ማኅበር ያስጀመሩት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው፤ ስለዚህ አሠራሩ ዛሬ ካሉት የግል ባንኮች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል።

በእኛ ማኅበር ብድሩ የቁጠባችሁ ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው፤ መክፈያው ጊዜም አጭር ነበር። በዚህ ገንዘብ ቤት ከመሠረት እስከ ጣሪያ አይቆምም። ቀስ በቀስ ለሚሠራ ሰው ግን ልክ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ ሰበታ ላይ ግድግዳ አቁማ፣ ጭቃውን አስመርጋ፣ አናጺው በእጁ የጻፈላትን የቆርቆሮና የሚስማር ዝርዝር አራት ቦታ አጥፋ ይዛ መጣች። የተፈቀደላት ከዝርዝሩ በላይ ቢሆንም የቆርቆሮውን ዋጋ ብቻ ወሰደች፤ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ተመታ። ያንን ከፍላ ስትጨርስ ለሊሾው ተመለሰች። ለዓመታት የጠበቀ የዕቁብ ዕጣ ይህን ያህል በሰዓቱ አይደርስም፤ ያበቃ ዕቁብም ለሚቀጥለው ሥራ አያበድርም።

ይሁን እንጂ ችግሩንም ልሰውራችሁ አልፈልግም። አባል ሥራ ሲለቅ ቁጠባውን ይዞ ይወጣል፣ ለቤት የወጣው ብድር ግን ገና በሰው እጅ ነው። በ2005 ዓ.ም. የተመዘገቡ ባልደረቦቻችን የኮንዶሚኒየም ዕጣ በወጣላቸው ጊዜ ለቅድሚያ ክፍያ ሁሉም በአንድ ወር መጡብን፤ ካዝናው ስላልቻለ ተራ አወጣን፣ የተቀየሙንም ዛሬ ድረስ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። የብሎኬትና የሲሚንቶ ዋጋ ከቁጠባው ፈጥኖ ሲሮጥ ደግሞ ሰው የሚቆጥበው እየቀለለበት ይሄዳል፤ ለዚህ ማኅበሩ መድኃኒት የለውም፣ በተበደራችሁበት ሳምንት ዕቃውን ከመግዛት በቀር።

ስለ ዋስ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ራሴ የምወደው ባልደረባዬ ሲለምነኝ፣ የዕዳውን መጠን ሳልጠይቅ ፈረምኩ። ሰውየው ሥራ ለቅቆ ጠፋ፤ አሥራ አራት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቀሪ ዕዳውንና ቁጠባውን በወረቀት አሳዩኝ በሉ፤ ነውር የለውም።

በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ደግሞ ለሻይና ለዳቦው ብቻ አትሂዱ። የኦዲት ሪፖርቱ ሲነበብ፣ መክፈያ ቀኑ ያለፈ ብድር ስንት እንደሆነና በካዝናና በባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ ስንት አመልካቾችን እንደሚያስተናግድ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ። በእኔ ዘመን ይህን የሚጠይቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ሾፌር ነበር፣ ኮሚቴውም ሲያየው ወረቀቱን ደግሞ ይቆጥር ነበር።