ባክቴሪያን በባክቴሪያ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት እሸጣለሁ። ጅቡቲ የሚሠራ ዘመዴ አንድ ነገር አወራኝ። ኦይስተር የሚባለውን ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ የሚያረቡ ሰዎች፣ እጮቹ እንዳይታመሙ ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ ይጨምራሉ አለኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ባክቴሪያ መግደያ ነው የምሸጠው። እሾህን በእሾህ ነው ነገሩ? በኩሬ ቆሮሶ ለሚያረቡ ደንበኞቼስ ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘመድህ ልክ ነው።

የኦይስተር እጭ ሲጀምር የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሁለት ሦስት ሳምንት አልጌ እየበላ ይዋኛል፤ ከዚያ ጠንካራ ነገር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ክፉው ጊዜ የመዋኛው ጊዜ ነው። መፈልፈያ ጣቢያ ውስጥ ሚሊዮኖች አንድ ገንዳ ውስጥ ታጉረዋል፤ ውሃው ሞቅ ያለ ነው፤ ምግብም ሞልቷል። ቪብሪዮ የሚባሉት ባክቴሪያዎች የሚመቻቸውም ይኸው ነው። የኮሌራው ተሕዋስ ራሱ የዚህ ወገን ነው። የታመመ እጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የሚዋኝበት ጸጉራም ክፍል ተገንጥሎ፣ ወደ ታች ሰምጦ፣ ዙሪያውን ባክቴሪያ ይርመሰመስበታል። በ1 ወይም በ2 ቀን ገንዳው ሙሉ ሊያልቅ ይችላል።

አንቲባዮቲክ ቢጨመርስ? እኔ ላብራቶሪ ስሠራ፣ ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ አንቲባዮቲክ የነከረ ክብ ወረቀት አስቀምጬ አሳድር ነበር። ጠዋት በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ካየሁ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው። ቀለበቱ ሲጠብ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷል ማለት ነው። ገንዳ ሙሉ ውሃ ላይ መድኃኒት ማፍሰስ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። የተላመደው ባክቴሪያ ከውሃው ጋር ወጥቶ ይሄዳል።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርህ። ያንን ቀለበት ሕያው ባክቴሪያም ይሠራዋል! አሜሪካ ውስጥ የሮድ አይላንድ ተመራማሪዎች ሁለት ጥሩ ባክቴሪያ አግኝተዋል። አንዱ ፊዮባክተር ነው፤ ከጤነኛ ኦይስተር የዛጎል ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው የተገኘው። ሌላው ባሲለስ ፑሚለስ ከባሕር ስፖንጅ ተገኘ፤ ስፖንጅ ስልህ ባሕር ውስጥ ተጣብቆ የሚኖረውን እንስሳ ነው። ፊዮባክተር ስስ ሽፋን ሠርቶ ቦታውን ይይዛል፤ ቪብሪዮን የሚያዳክም ንጥረ ነገርም ያመነጫል። እርጎ የሚያረጋው ባክቴሪያ ወተቱን ቀድሞ ሲይዘው ሌላው እንደሚቸገር ማለት ነው።

ቀድሞ የሚለውን ያዝልኝ። ይህ መከላከያ እንጂ ማዳኛ አይደለም። በሙከራዎቹ እጮቹ ቪብሪዮ ከመጨመሩ 24 ሰዓት በፊት ነበር ጥሩውን ባክቴሪያ ያገኙት። ባክቴሪያው ከውሃው ሲወጣ ጥበቃውም ቶሎ ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋግሞ መስጠት ያስፈልጋል። ገንዳ ማጠብና ውሃ መቀየርም አይቀርም።

ወደ ደንበኞችህ ስመጣ፣ ባሲለስ ያለባቸው ፕሮባዮቲኮች፣ ማለትም ለጤና ተብለው የሚሰጡ ጥሩ ባክቴሪያዎች፣ ለቆሮሶና ለሽሪምፕም ይሰጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከመኖ ጋር ተደባልቀው። ግን ለዶሮ የተሠራውን ዱቄት ኩሬ ውስጥ ድፋ አትበል፣ አደራ። የባክቴሪያው ሙሉ ስም እሽጉ ላይ ተጽፎ ካላየህ፣ ለየትኛው እንስሳ እንደሆነም ካልተገለጸ፣ አታምጣው። ዓሣው ከታመመ ደግሞ ሐኪም ይየው፤ በፕሮባዮቲክ ጊዜ አታቃጥል።

ለድሬ ሙቀት ደግሞ ባሲለስ ይሻልሃል። ዘር የመሰለ ጠንካራ ቅርፊት ሠርቶ ስለሚተኛ ደርቆም ይቆያል። ፊዮባክተር ይህ የለውም። ቢሆንም ፀሐይ የሚያገኘው መደርደሪያ ላይ አትደርድረው።