የኮስሚክ ጨረርን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል?

ወንድሜ፣ "ያለ ውድ መሣሪያ የኮስሚክ ጨረር (ከጠፈር የሚመጡ ጥቃቅን ቅንጣቶችን) ማየት ይቻላል? ወይስ ጋይገር ቆጣሪ (ጨረር ሲያልፍበት ጠቅ የሚል መሣሪያ) ልግዛ?" ላልከው፣ እኔ ብሆን በክላውድ ቻምበር ነበር የምጀምረው። የደመና ሣጥን በለው።

ግልጽ የመስታወት ዕቃ ፈልግ። ከውስጥ ላይኛው በኩል ስፖንጅ ለጥፍና ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል አጠጣው። 70 በመቶ አልኮል የሆነው ውሃ ስለሚበዛበት አያዋጣም። ታችኛው ወለል ጥቁር ብረት ይሁንና ደረቅ በረዶ (የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ላይ አስቀምጠው። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባዶ እጅ እንዳትነካው፣ ጋዙ ቤት ውስጥ እንዳይጠራቀምም መስኮት ክፈት። የአልኮሉ ትነት በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት አታስጠጋ።

መብራት አጥፋና በጎን በኩል ባትሪ አብራ። ትንሽ ታገሥ። መጀመሪያ ጉም ብቻ ነው የሚታይህ። ከዚያ ድንገት ቀጭን ነጭ ክር ብቅ ብሎ ይጠፋል። ቅንጣቱ ራሱ አይታይም፤ ባለፈበት መንገድ ላይ አልኮሉ ጠብታ ስለሚሠራ ዱካውን ነው የምታየው። ረጅምና ቀጥ ያለው ብዙ ጊዜ ሙዮን ነው፤ የኮስሚክ ጨረር አየሩን ሲመታ የሚፈጠር ቅንጣት ማለት ነው። አጭርና ወፍራሙ ግን አየር ውስጥ ካለ ሬዶን ከሚባል ራዲዮአክቲቭ ጋዝ የወጣ አልፋ የሚባል ቅንጣት ሊሆን ስለሚችል፣ ሁሉንም ከሰማይ መጣ እንዳትል። ደግሞ የልጆች ጨዋታ ነው ብለህ አትናቀው፤ የፊዚክስ ሊቁ ካርል አንደርሰን በ1932 ፖዚትሮንን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን የኤሌክትሮን አቻ) ያገኘው በክላውድ ቻምበር ነው።

ጋይገር ቆጣሪ ብቻውን ጨረሩ ከግድግዳው ይሁን ከሰማይ አይለይልህም። ከገዛህ ሁለት ግዛ። አንዱን ከሌላው በላይ አድርገህ፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ጠቅ ያሉበትን ብቻ ቁጠር፤ ያኔ አንድ ቅንጣት ሁለቱንም አልፎ የሄደ መሆኑ አይቀርም።