ሁለት መልስ ሲወጣ የትኛው ይያዛል?

ጥያቄ፦ ከመሬት 15 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሰከንድ 10 ሜትር ፍጥነት ቀጥታ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ መቼ መሬት እንደሚደርስ ስሠራ 3 እና −1 አገኘሁ። −1 ለምን ይጣላል?

መልስ፦ የስበትን ፍጥንጥነት 10 ብለን ወስደን የአየርን ግጭት ከተውንና ጊዜን በ«ጊ» ከወከልን፣ ከፍታው 15 + 10ጊ − 5ጊ² ይሆናል፤ መሬት ላይ ከፍታው ዜሮ ስለሆነ (ጊ − 3)(ጊ + 1) = 0 ይወጣል። ጊዜው የሚቆጠረው ኳሱ ከእጅ ከተለቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ ነውና ከዚያ በፊት ያለው −1 የጥያቄው መልስ ሊሆን አይችልም፤ ኳሱ መሬት የሚደርሰው በ3 ሰከንድ ነው። ይሁን እንጂ −1ን ቸኩለው አይርሱት፤ የሁለቱ ቁጥሮች አማካይ 1 ሲሆን፣ ኳሱ ከፍተኛው ከፍታ ላይ፣ ማለትም 20 ሜትር ላይ የሚደርሰው ልክ በዚያው ሰከንድ ነው።