አንድ ሕንፃ ለሁለት ቢሮ፦ የሬቪት (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ እኛ አርክቴክቸሩን፣ ሌላ ቢሮ ስትራክቸሩን ይሠራል። የእነሱን ሞዴል ከእኛው ጋር ስናያይዝ (ሊንክ ስናደርግ) ሕንፃቸው ከእኛ ርቆ ይወድቃል። በእጅ ጎትተን ብናገጥመውም እነሱ ዘንድ ተመልሶ ይዛነፋል።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚጀምረው ከቀያሹ ፋይል ነው። የአዲስ አበባ ቅየሳ በአዲንዳን ዞን 37 (ቅየሳ በሚጠቀምበት የካርታ ኮኦርዲኔት ሥርዓት) ሲመጣ ቦታችሁ ወደ ምሥራቅ 472,000፣ ወደ ሰሜን 997,000 ሜትር አካባቢ ይቀመጣል። ሬቪት ደግሞ ከውስጣዊ መነሻው (ከራሱ ዜሮ ነጥብ) ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነገር አይወድም፤ መስመሩ ይሰባበራል፣ ስናፕ (ጠቋሚውን ነጥብ ላይ የሚያጣብቀው) አይዝም።

ቅየሳውን በአውቶካድ ክፈቱና «ዙም ኤክስቴንትስ» (ያለው ሁሉ በአንዴ እንዲታይ) በሉ። ቦታው ነጥብ አክሎ ከታየ ዜሮ ዜሮ ላይ ጽሑፍ ወይም ቁራጭ መስመር ቀርቷል ማለት ነው፤ አጥፉት። ቀጥሎ አርክቴክቸር ሞዴሉ ውስጥ ቅየሳውን «ሴንተር ቱ ሴንተር» (መሃል ለመሃል) ብላችሁ ሊንክ አድርጉ። መለኪያውን ራሳችሁ ሜትር ምረጡ፤ አለዚያ 50 ሜትሩ አጥር 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የምታንቀሳቅሱትና የምታዞሩት ቅየሳውን እንጂ ሕንፃውን አይደለም። ሲገጥም «አኳየር ኮኦርዲኔትስ» (ኮኦርዲኔቱን ከሊንኩ መውሰድ) ብላችሁ ቅየሳውን ጠቅ አድርጉ።

ስትራክቸር ቢሮው የእናንተን ሞዴል ሊንክ አድርጎ በራሱ ግሪድ (የዓምዶች መስመር) ላይ አንድ ጊዜ ያግጥምና ኮኦርዲኔቱን ከእናንተ ይውሰድ። ከዚያ ወዲያ ሊንክ ሁሉ «ባይ ሼርድ ኮኦርዲኔትስ» (በጋራው ኮኦርዲኔት) ነው። ለማጣራት ግሪድ ኤ እና 1 የሚገናኙበት ላይ፣ ከሰርቬይ ፖይንት (ከቅየሳው መነሻ ነጥብ) የሚያነብ ስፖት ኮኦርዲኔት (የነጥቡን ኮኦርዲኔት የሚያሳይ ምልክት) በሁለቱም ሞዴል አኑሩ። በሚሊ ሜትር ካልተስማሙ ሥራ አትቀጥሉ።

ጥያቄ፦ እኛ 2022፣ እነሱ 2024 ሬቪት አላቸው። የላክነውን ከፍተው ሠርተው ሲመልሱልን አልከፈት አለ።

መልስ፦ አይከፈትም። ሬቪት ወደ ኋላ ሴቭ አያደርግም። አይኤፍሲ (ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር ሞዴል ማስተላለፊያ የፋይል ዓይነት) ቅርጹን ይመልስላችኋል፤ ግን ግድግዳው እንደ ድሮው የሚታረም አይሆንም። እነሱም 2022 ይጫኑና ከመጨረሻው የእናንተ ቅጂ ይቀጥሉ። የጠፋው ሥራ እንደገና ይሠራል፣ ሌላ መላ የለውም።

ጥያቄ፦ ሴንትራል ፋይሉን (ሁሉም አብሮ የሚሠራበትን ዋና ሞዴል) ጎግል ድራይቭ ላይ ብናስቀምጠውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ድራይቭ በየኮምፒውተሩ የራሱን ቅጂ ስለሚያኖር ማን የቱን እንደያዘ ሬቪት አያውቅም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ይደመስሳል። ኢንተርኔታችሁ አስተማማኝ ካልሆነ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ሞዴል ይያዝና ዓርብ ዓርብ ተለዋወጡ፦ «ዲታች ፍሮም ሴንትራል» (ቅጂውን ከሴንትራሉ መለየት)፣ ፐርጅ (ያልተጠቀሙበትን ማጽዳት)፣ ከዚያ መላክ። የፋይሉን ስም ግን አትቀይሩ! ቀን ከተጻፈበት ሊንኩ አያገኘውም፤ ቀኑን ለማኅደሩ ፎልደር ተዉት። የሊንኩ ዓይነት «ኦቨርሌይ» (ሞዴሉ ሌላ ቦታ ሊንክ ሲደረግ አብሮ የማይሄድ) ይሁን፣ አለዚያ የእናንተው ሕንፃ በእነሱ በኩል ዞሮ ይመጣባችኋል።

ጥያቄ፦ በሳምንት ሁለት ቀን ሌላ ቢሮ ሬቪት አስተምራለሁ። የቢሮዬን ፋሚሊዎች (እንደ በርና መስኮት ያሉ የተዘጋጁ ክፍሎች) ይዤ ብሄድ?

መልስ፦ ዕውቀቱ የእርስዎ ነው፤ ፋይሉ ግን የቢሮው ነውና በጽሑፍ ያስፈቅዱ። እዚያው አብረዋቸው አንድ በርና አንድ መስኮት ከባዶ ቢሠሩ ደግሞ ተዘጋጅቶ ከመጣ 200 ፋሚሊ ይልቅ ይማሩበታል።